ወጪና ኪሳራ፦ የማትነበበው የፍርድ መስመር

ባለጉዳይ የፍርድ ግልባጭ ሲቀበል የሚፈልገው ረታሁ ወይስ ተረታሁ የሚለውን ብቻ ነው። "መዝገቡ ተዘግቷል" ከሚለው በላይ ያለችውን የወጪና ኪሳራ አጭር መስመር የሚያያት ጥቂት ሰው ነው። እኔ ግን ግልባጭ እጄ ሲገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ እሷ ነው።

በእኛ አገር ስር የሰደደ እምነት አለ፤ ከመንግሥት ጋር ተሟግቶ የረታ ሰው ያወጣውን አያገኝም የሚል። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 462 ወጪውን ማን፣ ምን ያህል ይክፈል የሚለውን ለዳኛው ትቷል። ተሸናፊው መሥሪያ ቤት ስለሆነ ብቻ ይማር የሚል ቃል የለበትም።

ነገሩ የሚከብደው ይግባኝ ላይ ነው። ከጽጽቃ የመጣ ገበሬ በወረዳው ፍርድ ቤት አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤትን ይረታል እንበል። ጽሕፈት ቤቱ ይግባኝ ይላል። ገበሬው ሳይፈልግ መልስ ሰጪ ሆኖ ሰቆጣ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይመላለሳል፤ ጉዳዩ ከገፋ ባሕር ዳር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይደርሳል። ለመኪና፣ ለማደሪያ፣ ለማመልከቻ ጸሐፊ፣ ለጠበቃ ይከፍላል፤ እርሻውም ጾም ያድራል። የጽሕፈት ቤቱ ዐቃቤ ሕግ ግን ደመወዝተኛ ነው፤ ቀጠሮ ቢረዝምም ከኪሱ የሚወጣ የለም። ይግባኙ ሲወድቅ ያ ሁሉ ወጪ ገበሬው ላይ ቢቀር አግባብ አይመስለኝም።

ፍርዱ "ግራ ቀኙ ወጪና ኪሳራቸውን ይቻቻሉ" ካለ ያ ገንዘብ ቀርቷል። ሰበር ችሎት ደግሞ ይህን አዘውትሮ ይላል። "ዝርዝር የማቅረብ መብቱ ተጠብቋል" ካለ ግን በሩ ክፍት ነው፤ በአንቀጽ 463 መሠረት የዳኝነት ክፍያን፣ የጠበቃ አበልን፣ የምስክር ወጪን ለይቶ ማቅረብ ይቻላል። እዚህ ላይ ባለጉዳዮችን እወቅሳለሁ። መብቱ ተጠብቆላቸው ዝርዝሩን ሳያቀርቡ የተመለሱ አውቃለሁ፤ ደረሰኙን ጥለውታል። ጠበቆችንም አልምርም፦ በመልሳቸው ላይ ወጪና ኪሳራ መጠየቅ የሚዘነጉ ብዙ ናቸው።

እንግሊዝ አገር ተሸናፊ ይከፍላል የሚለው ልማድ መንግሥትንም ይጨምራል። በአሜሪካ ደግሞ ሁሉም የየራሱን የጠበቃ ክፍያ ይችላል፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥቱ የተሟገተበት አቋም በቂ ምክንያት ከሌለው የረታው ሰው የጠበቃ ክፍያውን እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የእኛ አንቀጽ 462 ለዳኛ የሰጠው ሥልጣን ከዚህ አያንስም። በ2012 የወጣው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 ለክልል መሥሪያ ቤቶች ስለማይሠራ፣ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጋር የሚከራከር ሰው የሚይዘው ያንኑ የ1958ቱን ሕግ ነው።