ከስሌት በፊት ያለው ሥራ፦ የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያና የታሸገው ፖስታ

የባዮስታቲስቲክስ ባለሙያ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው መረጃ ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ ለስሌት የሚጠራ ሰው ተደርጎ ነው። ይህን ጸሐፊ ጨምሮ የመመረቂያ ጥናት የምንሠራ ተማሪዎች ባለሙያውን የምናማክረው መጠይቁ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው። የሙያው ወሳኝ ድርሻ ግን የመጀመሪያው ታማሚ ከመመዝገቡ በፊት የሚፈጸም መሆኑን ቀጥሎ የቀረበው ጥናት ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ1948 የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ስትሬፕቶማይሲን በሳንባ ነቀርሳ ላይ ስላለው ውጤት ያካሄደውን ጥናት አሳተመ። በጊዜው በአገሪቱ የነበረው መድኃኒት እጅግ ጥቂት በመሆኑ ለሁሉም ታማሚ ሊዳረስ አይችልም ነበር። የጥናቱን ስታቲስቲካዊ ንድፍ ያወጡት ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል በወጣትነታቸው በዚሁ በሽታ በመያዛቸው ሐኪም የመሆን ሐሳባቸውን ትተው ኢኮኖሚክስ ያጠኑ ሰው ነበሩ።

ቀደም ሲል ታማሚዎች የሚመደቡት አንዱ ለመድኃኒት፣ ቀጣዩ ለንጽጽር እየተባለ በየተራ ነበር። ችግሩ ሐኪሙ የሚቀጥለውን ተራ አስቀድሞ ማወቁ ነው፤ የሚያዝንለትን ታማሚ ሳያስበው እንኳ ወደ መድኃኒቱ ሊያሳልፈው ይችላል። እንዲህ የተዛባን ምደባ በኋላ የሚመጣ ስሌት ሙሉ በሙሉ ሊያቃናው አይችልም። ሂል ምደባውን በዕጣ ቁጥሮች ወስነው በታሸገ ፖስታ አስቀመጡት፤ ፖስታው የሚከፈተው ታማሚው ለጥናቱ ብቁ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነበር። የራጅ ፊልሞቹንም የመረመሩት ታማሚው በየትኛው ቡድን እንዳለ የማያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ።

በስድስት ወር ውስጥ መድኃኒቱን ከወሰዱት 55 ታማሚዎች 4፣ የአልጋ ዕረፍት ብቻ ከታዘዘላቸው 52 ታማሚዎች ደግሞ 14 ሞቱ። ይሁን እንጂ ባክቴሪያው መድኃኒቱን እየተላመደ በመሄዱ ከአምስት ዓመት በኋላ የሟቾቹ ቁጥር 32 እና 35 ሆነ። የንጽጽር ቡድኑ ታማሚዎች በጥናት ውስጥ መሆናቸው አልተነገራቸውም ነበር፤ ይህ ዛሬ በየትኛውም የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት የሚያልፍ አይመስለኝም።

ሂል መምህርም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1937 በላንሴት መጽሔት ለሐኪሞች ባቀረቧቸው ተከታታይ ጽሑፎች የዕጣ ምደባን ሆን ብለው አላነሡም፤ አስቀድመው ሐኪሞቹን ቀላል በሆነው የተራ ምደባ ለማሳመን መፈለጋቸውን ከብዙ ዓመታት በኋላ ገልጸዋል። ከእነዚያ ጽሑፎች እስከ ታሸገው ፖስታ ድረስ ዐሥር ዓመት ያህል ወስዷል።