ዕጣ የሚያወጣ ኮምፒዩተርና ከጽሑፍ የተማረ ኮምፒዩተር፤ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ከጥቂት ጊዜ በፊት ናካሴሮ በምንሰጠው የኮምፒዩተር ትምህርት ላይ አንዲት ተማሪያችን ጥያቄ ይዛ መጣች። ገበያው አካባቢ ፎርም የሚሞላ ሰው «እኔ በኤአይ ስለምሞላልሽ የዲቪ ዕጣው አይስትሽም» ብሎ 100 ሺህ ሺሊንግ ጠይቋታል። «ልክፈለው ወይስ ልተወው?» አለችን። «አትክፈይ» አልናት። ምክንያቱን ግን ለሁላችሁም ብንጽፈው ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ዕጣ የሚያወጣው

ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ምንም ነገር አያውቅም፤ ማወቅም የለበትም። ሥራው ማንንም ሳያዳላ ቁጥር መጣል ብቻ ነው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች የሚሠሩት በቀላል ሒሳብ ነው። እስቲ እናንተም ሞክሩት፦ ከ1 ጀምሩ፣ በ5 አባዙ፣ 3 ደምሩ፣ ለ16 አካፍሉና ቀሪውን ያዙ። 8 ይመጣል። በ8 ላይ ያንኑ ድገሙት፣ 11 ይመጣል። ከዚያ 10፣ ከዚያ 5። ለሚያየው ሰው ዝም ብሎ የተበተነ ይመስላል፤ ነገር ግን ከ1 የጀመረ ሁሉ ያንኑ ተራ ያገኛል። ትልልቆቹ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት ሒሳብ ከዚህ እጅግ የረቀቀ ነው፤ መነሻ ቁጥሩም ከውጭ ሰው የተሰወረ ነው።

ይህ ሥራ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን በዲቪ 2012 ታይቷል። ምዝገባው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 5 እስከ ኅዳር 3 ቀን 2010 ነበር። ውጤቱ በግንቦት 2011 ሲወጣ ከተመረጡት ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የተመዘገቡ ሆነው ተገኙ። የፕሮግራም ስሕተት ነበር። ሕጉ ያለ አድልዎ በዕጣ ይሁን ስለሚል ውጤቱ ተሰረዘ፤ «ደርሷችኋል» የተባሉ ወደ 22 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ደስታቸው ባዶ ቀረ። ዕጣው እንደገና ወጥቶ አዲሱ ውጤት በሐምሌ 2011 ተገለጸ። እንግዲህ የዕጣ ጥራት የሚለካው ማንንም ባለማወቁ ነው ማለት ነው።

ከጽሑፍ የተማረው

አሁን ደግሞ ወደ ፊደላችን እንምጣ። ገበታው ላይ 33 ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። እነዚህን በ231 ቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አንድ አንድ ብታወጡ፣ እያንዳንዱንም መልሳችሁ ብትከቱ፣ በሦስት ጊዜ «ሰላም» የሚለው ቃል የመውጣት ዕድሉ ከ12,326,391 አንድ ነው። ዕጣ ብቻውን ቋንቋ አይጽፍም።

አሜሪካዊው ክሎድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ጥናቱ ይህንኑ በእንግሊዝኛ አሳይቶ ነበር። ፊደላትን በዘፈቀደ ሲያወጣ ትርጉም የለሽ ዝርዝር ሆነ። ከአንድ ፊደል ወይም ቃል በኋላ የትኛው ደጋግሞ እንደሚመጣ እየተከተለ ሲያወጣ ግን እያደር እንግሊዝኛ መምሰል ጀመረ።

የዛሬው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ማለትም በስልካችሁ የምታነጋግሩት ኤአይ፣ በዚሁ መንገድ እጅግ ርቆ የሄደ ነው። ብዙ ጽሑፍ ይሰጠዋል፤ የሚቀጥለውን ቃል ይገምታል፤ ሲሳሳት በውስጡ ያሉት ቁጥሮች በጥቂቱ ይስተካከላሉ። ይህ ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ይደጋገማል። የሚያየውም የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ሳይሆን ከፊት ያለውን ጽሑፍ ሁሉ ነው። ስለዚህ ለእርሱ ጽሑፍ ማለት ስንቅ ነው። የማከረሬ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እዚሁ ካምፓላ የሉጋንዳና የሌሎች የኡጋንዳ ቋንቋዎች ዓረፍተ ነገሮችን የሰበሰቡት ለዚህ ነው። አማርኛም በኢንተርኔት ያለው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ስለሆነ ኤአይ በአማርኛ ሲጽፍ የበለጠ ይሳሳታል።

ታዲያ ዕጣ ጨርሶ የለውም?

አለው! ብዙዎች የማያውቁት ይህንን ነው። «እግዜር» ከሚለው ቃል በኋላ ምን ይመጣል? ለምሳሌ ያህል ከ100 ወረቀት ላይ በ80ው «ይስጥልኝ»፣ በ15ቱ «ይመስገን»፣ በ5ቱ ሌላ ቃል ተጽፏል እንበል። ኤአይ አብዛኛውን ጊዜ ከእንዲህ ያለ ሣጥን ዕጣ ያወጣል። አንድ ጥያቄ ሁለት ጊዜ ብትጠይቁት በተለያየ አነጋገር የሚመልሰው በዚህ የተነሳ ነው። ልዩነቱ እንግዲህ ወረቀቱ ላይ ነው፦ የተራው ዕጣ ሣጥን ለሁሉም እኩል ነው፤ የኤአይ ሣጥን ግን በትምህርት የተመዘነ ነው።

ይሁን እንጂ ሚዛኑ የሚለካው «ምን ይከተላል?» የሚለውን እንጂ «እውነቱ ምንድን ነው?» የሚለውን አይደለም። ስለ ስደተኝነት ወረቀታችሁ ብትጠይቁት የሌለ ቀጠሮ፣ የሌለ አድራሻ፣ የሌለ አንቀጽ በጥሩ ቋንቋ ሊነግራችሁ ይችላል። አነጋገሩ ስላማረ እውነት ነው ማለት አይደለም። ደብዳቤ ለማርቀቅና እንግሊዝኛ ለመለማመድ ተጠቀሙበት። ቀንና ውሳኔ ያለበትን ነገር ግን ራሱ ጉዳዩን ከያዘው ክፍል፣ ለምሳሌ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት የስደተኞች ክፍል፣ ሳታጣሩ እርምጃ አትውሰዱ።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ኤአይ የሚጠቅመው የሚማርበት ነገር ሲኖር ነው። በትክክል በወጣ ዕጣ ውስጥ ደግሞ የሚማሩት ነገር የለም፤ ያለፈው ዓመት ዕድለኛ ስለ መጪው ምንም አይናገርም። ፎርሙን በኤአይ መሙላት የፊደል ስሕተት ያርም ይሆናል እንጂ ዕጣውን አይስበውም። እንዲያውም «ዕድል ይጨምራል» እያሉ በአንድ ሰው ስም ደጋግመው የሚያስገቡ አሉ፤ የዲቪ ደንብ እንዲህ ያደረገውን ከውድድር ያስወጣል።

ተማሪያችን ገንዘቧን አልከፈለችም። እናንተም «ኤአይ አለኝ» የሚል ሲመጣባችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ «ከምን ተምሮ ነው የሚያውቀው?» መልስ ካጣ ኪሳችሁን ያዙ።