ከመዝጊያው ቀን በፊት የሚደረግ የተጫዋቾች ገበያ

የግሸን ማርያምን ክብረ በዓል እየጠበቀ ንግዱን የሚያካሂድ የአምባሰልና የሐይቅ ነጋዴ፣ ቀን የተቈረጠለት ገበያ ምን ማለት እንደ ሆነ ከመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም። ከመስከረም 21 ቀን በፊት ወደ አምባው ያልደረሰ ጧፍ፣ ዕጣን፣ ጀሪካንና የዝናብ መከላከያ ላስቲክ በ22ኛው ቀን ቢደርስ፣ ዕቃው ያው ዕቃ ሆኖ ሳለ ዋጋው ግን ያው አይደለም። ምእመናኑ ወደየአገራቸው ይመለሳሉ፤ ዕቃውም በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይጫናል፤ የጭነቱ ኪራይ በባለቤቱ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በዋዜማው የሚደረገው የዋጋ ክርክር በዕቃው ጥራት ላይ ብቻ የተመሠረተ ሳይሆን፣ ከገዢና ከሻጭ ጊዜ የሚያጥረው ለማንኛው ነው በሚለው ላይም ነው።

ይኸው የገበያ ሕግ የሰው ጕልበትና ችሎታ በሚለወጥበት ንግድ ላይ ሲሠራ ጐልቶ የሚታየው በሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ዘንድ ነው። የበረዶ ሆኪ ከኢትዮጵያ የገና ጨዋታ ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ ተጫዋቾቹ ስለት ያለው ጫማ ተጫምተው በበረዶ ወለል ላይ እየተንሸራተቱ፣ በሩር ፈንታ ጠፍጣፋና ክብ የሆነ ጎማ በቆልማማ ዱላ መምታታቸው ነው። ሊጉ በካናዳና በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት 32 ክለቦች አሉት። በየዓመቱ በየካቲት ወር ማለቂያ ገደማ አንድ ቀን ይቈረጣል፤ በዚያ ቀን በኒው ዮርክ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የተዛወረ ተጫዋች በዚያ ዓመት ውድድር ለአዲሱ ክለቡ ሊሰለፍ አይችልም። ስታንሊ ካፕ የተባለውን ዋንጫ ለማግኘት ተስፋ ያለው ክለብ እስከዚያች ሰዓት ድረስ የጐደለውን ለመሙላት ይሮጣል፤ ተስፋው የተቈረጠው ደግሞ ያለውን ለመሸጥ ይጣደፋል።

በዚህ ገበያ ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ እምብዛም አይታይም። ንግዱ ዐይነት በዐይነት የሚለወጥበት ነው፤ ተጫዋች በተጫዋች ይለወጣል፤ ወይም ተጫዋቹ በመጪው ዓመት ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት ይለወጣል። ይህ የመምረጥ መብት ለእህል ነጋዴ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ገና ያልታጨደ አዝመራን በማሳው ላይ እንዳለ ከመግዛት ጋር አንድ ነው። ፍሬው ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ውርጭም ሊመታው ይችላል። ተጫዋቹ ራሱ፣ በውሉ ውስጥ ያለ ፈቃዱ እንዳይዛወር የሚከለክል ቃል ከሌለ በስተቀር፣ በጉዳዩ አይጠየቅም። ይህ በእግር ኳስ ዘንድ የማይፈቀድና ለብዙ ሰው ጆሮ የሚከብድ ሥርዓት ነው።

ለገበያው ልዩ ጠባይ የሚሰጠው ግን የደመወዝ ጣሪያው ነው። አንድ ክለብ ለተጫዋቾቹ ሁሉ በዓመት የሚከፍለው በአውሮጳ አቈጣጠር በ2024ና 2025 የውድድር ዘመን ከ88 ሚሊዮን ዶላር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት የሆኪ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) ሂሳቡ የሚያዘው በቀን ስለ ሆነ፣ የውድድሩ ዘመን እየተገባደደ በሄደ መጠን የአንድ ውድ ተጫዋች ደመወዝ በገዢው መዝገብ ላይ የሚጭነው ሸክም ይቀላል። በሌላው ወገን ደግሞ ውሉ በሰኔ ወር የሚያልቅበት ተጫዋች ያለው ሻጭ፣ ቀኑ ካለፈበት በበጋ ባዶ እጁን ይቀራል። እንግዲህ ለገዢው በየቀኑ እየረከሰ የሚሄደው ዕቃ፣ ለሻጩ እንደ በሰለ ቲማቲም በየቀኑ ወደ መበላሸት የሚቃረብ ነው። ሁለቱም ወደ መጨረሻዋ ሰዓት የሚገፉት በዚህ ምክንያት ነው።

በመጨረሻው ቀን የተደረገ ግዢ ሁሉ የችኰላ ግዢ ነው የሚሉ አሉ፤ ታሪኩ ግን እንዲህ በአንድ ቃል አይጠቀለልም። በመጋቢት 1980 የኒው ዮርክ አይላንደርስ ክለብ ሁለት ተጫዋቾች ሰጥቶ ቡች ጎሪንግ የተባለውን የመሐል ተጫዋች ከሎስ አንጀለስ ወሰደ። ጎሪንግ በዝናው ከሊጉ ታላላቆች ተርታ የሚቈጠር አልነበረም፤ ነገር ግን ክለቡ የጐደለው በትክክል እርሱን የመሰለ ሰው ነበር። አይላንደርስ በዚያው ዓመት ዋንጫውን አነሣ፤ እስከ 1983 ድረስም አራት ጊዜ ተከታትሎ ወሰደው። በ1996 ግን ፒትስበርግ ወጣቱን ስዊድናዊ ማርከስ ናስለንድን ለቫንኩቨር ሰጥቶ አሌክ ስቶያኖቭ የተባለውን ኀይለኛ ተጫዋች ተቀበለ። ናስለንድ የቫንኩቨር አምበል እስከ መሆን ደረሰ፤ በ2003 በተፈጸመው የውድድር ዘመንም 48 ግብ አስቈጠረ። ስቶያኖቭ በሊጉ ብዙ ሳይቈይ ቀረ። የፒትስበርግ ስሕተት መቸኰሉ ላይ አይመስልም፤ የሰጠውን ዕቃ ጓዳው ውስጥ ሳለ አለመመዘኑ ላይ ነው።

ለነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ሊመረመር የሚገባው በ2025 የሆነው ነው። ሚኮ ራንታነን የተባለው ፊንላንዳዊ ውሉ በዚያው ዓመት የሚያበቃ ነበር። የኮሎራዶ ክለብ በጥር ወር ለካሮላይና አሳልፎ ሰጠው፤ በዚያ ስምምነት ቺካጎ እንደ ሦስተኛ ወገን ገብቶ የደመወዙን ግማሽ በራሱ መዝገብ ላይ ያዘ። ሊጉ አንድ ክለብ ከሚያዛውረው ተጫዋች ደመወዝ እስከ ግማሽ እንዲሸከም ስለሚፈቅድ፣ የጣሪያው ቦታ ራሱ የሚሸጥ ዕቃ ሆኗል፤ ቺካጎም የሸጠው ይህንኑ ነው። ካሮላይና ግን ከራንታነን ጋር አዲስ ውል ለመፈራረም አልተሳካለትም። በዚህ ጊዜ ክለቡ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ሰውየውን ይዞ በዋንጫው መድከምና በበጋ በባዶ ማጣት፣ ወይም የተገዛውን ከስድስት ሳምንት በኋላ መልሶ መሸጥ። መጋቢት 7 ቀን፣ መዝጊያው በደረሰበት ዕለት፣ ለዳላስ ሸጠው። በምትኩ ሎጋን ስታንኮቨን የተባለውን ወጣት፣ ሁለት የመጀመሪያ ዙርና ሁለት የሦስተኛ ዙር የመምረጥ መብቶች ተቀበለ። ዳላስም ወዲያውኑ ለ8 ዓመት በ96 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ራንታነን በመጀመሪያው የጥሎ ማለፍ ዙር በሰባተኛው ጨዋታ በቀድሞ ክለቡ በኮሎራዶ ላይ ሦስት ግብ አስቈጥሮ አሰናበተው።

ታዲያ ከዳላስና ከካሮላይና ማን አተረፈ? ሁለቱም ክለቦች በየምድባቸው ፍጻሜ ደርሰው ሁለቱም እዚያው ወደቁ። ዳላስ የረጅም ዘመን ንብረት ገዛ፤ ካሮላይና ከመክሰር ዳነ። አንዱ ካተረፈ ሌላው የግድ ከስሯል ብሎ የሚያስብ ሰው በንግድ ላይ ብዙ የቈየ አይደለም።

በዚያው ዕለት ፍሎሪዳ የቦስተኑን አምበል ብራድ ማርሻንድን ጕዳት ላይ ሳለ ወሰደው። የዋጋው አወሳሰን ብልህነት የታየበት ነው፤ ቦስተን የሚያገኘው የሁለተኛ ዙር መብት ሲሆን፣ ፍሎሪዳ ሁለት የጥሎ ማለፍ ዙሮች ካሸነፈና ተጫዋቹም በቂ ጨዋታ ከተሰለፈ ወደ መጀመሪያ ዙር መብት እንዲያድግ ተዋዋሉ። በሰኔ ወር ፍሎሪዳ ዋንጫውን አነሣ፤ ማርሻንድም በፍጻሜው 6 ግብ አገባ፤ ቦስተንም ከፍተኛውን ዋጋ ተቀበለ። ዕቃውን በአደራ ሰጥቶ ዋጋውን ከሽያጩ ውጤት ጋር ማያያዝ የሐይቅም የደሴም ነጋዴ የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ገዢና ሻጭ ስለ ዕቃው ጤንነት ሳይስማሙ ሲቀሩ ከዚህ የተሻለ ማስታረቂያ አይገኝም።

ወደ ኢትዮጵያ እግር ኳስ ሲመለሱ የሚታየው ገበያ ሌላ መልክ አለው። ዋናው የዝውውር ጊዜ ክረምት ነው፤ ውሎቹም ባመዛኙ የአንድና የሁለት ዓመት ናቸው። በዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ፌደሬሽን በፊፋ ደንብ መሠረት ውሉ ስድስት ወር የቀረው ተጫዋች ከሌላ ክለብ ጋር ለመነጋገር ነጻ ነው፤ ውሉ ካበቃም ያለ ዋጋ ይሄዳል። ስለዚህ ውሉ ያጠረ ክለብ ተጫዋቹን ገዝቶ አይሸጠውም፤ ተከራይቶ ይመልሰዋል። ለአንድ ክረምት የወጣው የፊርማ ገንዘብ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይወጣል፤ በመዝገቡ ላይ ግን አንድም ሽያጭ አይጻፍም። ብዙዎቹ ክለቦች የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደሮችና በመንግሥት ድርጅቶች በጀት መሆኑን ሲያስቡት፣ ይህ ገንዘብ የማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የአንድ ተጫዋች ወርኀዊ ደመወዝ ከ50000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን የሆኪው ጣሪያ ከሁሉ በፊት የሚያርፈው በክለቡ ጠቅላላ ወጪ ላይ ሲሆን፣ ይህኛው ያረፈው በእያንዳንዱ ሰው ላይ ብቻ ነው። የክለቡ ጠቅላላ ወጪ ሲገደብ ሥራ አስኪያጁ ማንን ከማን እንደሚያስቀድም ለማሰብ ይገደዳል። የግለሰቡ ብቻ ሲገደብ ግን ልዩነቱን በሌላ ስም የመክፈል ፈተና ይመጣል፤ ማንኛውም የሸቀጥ ዋጋ ተመን ያየ ነጋዴ ይህን ያውቃል።

ውሉ እየጸና ሳለ ወደ ውጭ የሄደ ተጫዋች ግን ለክለቡ እውነተኛ የውጭ ንግድ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የሄዱ ስመ ጥር ተጫዋቾች አሉ፤ ጌታነህ ከበደ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ከደደቢት ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ተዛወረ፤ በ2013 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ 29 ግብ ያስቈጠረው አቡበከር ናስርም በማግስቱ ዓመት ከኢትዮጵያ ቡና ወደ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ። ከእንዲህ ያለው ዝውውር የሚጠቀመው ሻጩ ክለብ ብቻ አለመሆኑ በአገር ቤት ብዙ አይታወቅም። በውል ላይ ያለ ተጫዋች በዋጋ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር፣ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሠለጠኑት ክለቦች እንዲከፋፈል ፊፋ ደንግጓል። እስከ 15 ዓመት ዕድሜው ላሠለጠነው ለእያንዳንዱ ዓመት 0.25 በመቶ፣ ከ16 ዓመት ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዓመት 0.5 በመቶ ይደርሳል። ከ2022 በአውሮጳ አቈጣጠር ጀምሮ ይህን ገንዘብ የሚያከፋፍል የክፍያ ቤት ተቋቁሟል፤ የሚያከፋፍለውም የተጫዋቹን የምዝገባ ታሪክ የሚያሳየውን ሰነድ ተመልክቶ ነው።

ይህ ሰነድ ለላኪ ነጋዴ አዲስ አይደለም። ቡና ወይም ሰሊጥ ወደ ውጭ ሲላክ ከየት እንደ በቀለ የሚያረጋግጥ የትውልድ ቦታ ማስረጃ ይወጣል፤ የተጫዋቹም ሰነድ የሰውየው የትውልድ ቦታ ማስረጃ ነው። ማስረጃ የሌለው ጭነት ቅናሽ ቀረጥ እንደማያገኝ ሁሉ፣ ምዝገባ የሌለው ሥልጠናም ድርሻ አያገኝም።

አሁን ከአምባሰል ወይም ከሐይቅ የተነሣ አንድ ልጅ ከ16 እስከ 18 ዓመቱ በአካባቢው ክለብ ሦስት ሙሉ የውድድር ዘመን ተጫውቶ፣ በኋላም ከሌላ ክለብ በ500000 ዶላር ወደ ውጭ ተዛወረ እንበል። ለአካባቢው ክለብ የሚደርሰው በየዓመቱ 2500፣ በጠቅላላው 7500 ዶላር ነው። ለክለቡ ማሊያ፣ ኳስና የመጓጓዣ ገንዘብ የሚያዋጣ የከተማው ባለ ሱቅ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሊጠይቅ የሚገባው ማን ይገዛ የሚለውን ብቻ አይደለም። የእያንዳንዱ ተጫዋች ውል በየትኛው ወርና ዓመት እንደሚያልቅ፣ ከ12 ዓመት በላይ ያሉት ልጆች ስምና የልደት ቀን በፌደሬሽኑ መዝገብ በየውድድር ዘመኑ መስፈሩንና የመዝገቡም ቅጂ በማን እጅ እንዳለ ጠይቆ በጽሑፍ ይቀበል።