ተጨማሪ መረጃ፦ ነጋድራስ፣ የክብር ስም ወይስ ሥራ?

ተማሪዎች፣ እንደ ሮብ ገበያ በሚውሉበት ቀን የሚጠሩ ገበያዎችን ስታስቡ፣ ጥንት ነጋዴውን ማን ይቆጣጠር እንደነበር ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? «ነጋድራስ» የነጋዴዎች አለቃ ነው፤ መጀመሪያ የሲራራ ነጋዴዎች መሪ፣ በኋላም በየኬላው ቀረጥ የሚያሰበስብና የነጋዴዎችን ክርክር የሚዳኝ የመንግሥት ሹም ሆነ። አንዳንዶች ማዕረጉን ባዶ የክብር ስም አድርገው ያዩታል፤ ባለማዕረጉ ሥራውን ከለቀቀ በኋላም ስሙ አብሮት ይኖራልና። ይህ እውነት ቢሆንም የስሙን ምንጭ አይሽርም። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ዛሬ የሚታወቁት በምጣኔ ሀብት ጽሑፋቸው ነው፤ ነጋድራስ የተባሉት ግን የድሬዳዋን ጉምሩክ ስለመሩ ነው። ዳግማዊ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ንግድንና የውጭ ጉዳይን አንድ ላይ የሰጡት ለአዲስ አበባው ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ነበር። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይመስለኝም፤ ከውጭ አገር ነጋዴዎች ጋር በሥራቸው የሚገናኙት ሹም እሳቸው ነበሩና። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቀረጥ የሚሰበስበው፣ ሚዛን የሚፈትሸውና ጠብ የሚያበርደው አንድ ሰው ነው ወይስ የተለያዩ ሰዎች? ታዝባችሁ የእያንዳንዱን የሥራ መጠሪያ በደብተራችሁ ጻፉ።