የእጅ አንጓና አውራ ጣት፦ የአንጎልን ምላሽ በመለካት የመርሳት ሕመምን ዓይነት መለየት

ዕድሜያቸው 70 የሞላ አንድ አባት በቤተሰባቸው ታጅበው ሐኪም ዘንድ ይቀርባሉ እንበል። ትናንት የተነገራቸውን ዛሬ አያስታውሱም፤ ጠባያቸው ተለውጧል፤ አንዳንድ ምሽትም በቤቱ ውስጥ የሌለ ሰው ይታያቸዋል። ሐኪሙ «የመርሳት ሕመም ነው» ቢል አልተሳሳተም፤ ሆኖም የተናገረው የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው። የመርሳት ሕመም፣ በሕክምናው አጠራር ዲሜንሺያ፣ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። የማስታወስ፣ የማመዛዘንና ራስን የማስተዳደር ችሎታ ቀስ በቀስ ሲዳከም የሚሰጥ የጋራ መጠሪያ ነው። ከዚህ መጠሪያ ሥር የሚገኙት በሽታዎች መነሻቸውም ሂደታቸውም ይለያያል።

ከሁሉ የሚበዛው አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከዲሜንሺያ ሕሙማን ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ በሽታ የተያዙ እንደሆኑ ይገምታል። የሌዊ ቦዲ ዲሜንሺያ በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የአንድ ፕሮቲን እብጠቶች ሲከማቹ የሚመጣ ሲሆን ከፓርኪንሰን በሽታ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ ደግሞ የአንጎልን የፊትና የጎን ክፍሎች ያጠቃል፤ ብዙውን ጊዜም ከመርሳት ይልቅ በጠባይ ወይም በንግግር ለውጥ ይጀምራል። በደም ሥሮች ጉዳት የሚመጣውም ራሱን የቻለ ዓይነት ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። የሌለ ሰው የሚታያቸው እኒያ አባት የሌዊ ቦዲ ሕመምተኛ ከሆኑና ለማረጋጋት ተብሎ ሃሎፐሪዶል ቢሰጣቸው፣ ሰውነታቸው ሊገተር፣ ንቃታቸው ሊጠፋ፣ ከዚያም አልፎ ሕይወታቸው ሊያልፍ ይችላል። በአንጻሩ እንደ ዶኔፔዚልና ሪቫስቲግሚን ያሉት መድኃኒቶች በአልዛይመርም ሆነ በሌዊ ቦዲ ሕሙማን ላይ የተወሰነ ጥቅም ያሳያሉ፤ በፍሮንቶቴምፖራል ሕሙማን ላይ ግን ጥቅማቸው አልተረጋገጠም፣ አንዳንዴም የሕመምተኛውን ረብሻ ያባብሳሉ። ምክንያቱ ኬሚካዊ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩት አሴቲልኮሊን የተባለው የነርቭ መልእክተኛ ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ነው። አሴቲልኮሊን በመጀመሪያዎቹ ሁለት በሽታዎች ክፉኛ ሲቀንስ፣ በሦስተኛው ግን በአመዛኙ ሳይጓደል ይቆያል።

እንግዲህ ጥያቄው በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ ይህ መልእክተኛ ሥራውን እየሠራ መሆን አለመሆኑን በምን እናውቃለን የሚል ይሆናል። የፔት ምስልና ከጀርባ አጥንት የሚቀዳ ፈሳሽ ምርመራ ስለ አልዛይመር ብዙ ይናገራሉ፤ ነገር ግን ውድ ናቸው፣ በብዙ አገሮችም አይገኙም። በወረቀትና በእርሳስ የሚሰጡት የማስታወስ ፈተናዎች ርካሽ ቢሆኑም የተፈታኙን ትምህርት ከሕመሙ ጋር ቀላቅለው ይለካሉ። ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ወይም ቃል ከኋላ ወደ ፊት እንዲፊድሉ የሚጠየቁት ሰው ትምህርት ቤት ገብተው የማያውቁ ከሆነ ዝቅተኛው ውጤት ስለ አንጎላቸው የሚነግረን እምብዛም ነው።

ሦስተኛው መንገድ አንጎልን በቀጥታ «መጠየቅ» ነው። በ1985 እ.ኤ.አ. አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፣ በራስ ቅል ላይ በተያዘ የሽቦ ጥቅል አማካይነት አጭር መግነጢሳዊ ምት ሰጥተው የሰውን የአንጎል ቅርፊት ያለ ሕመም ማነቃቃት እንደሚቻል አሳዩ። ምቱ እጅን በሚያንቀሳቅሰው የአንጎል ክፍል ላይ ሲያርፍ የተቃራኒው እጅ ጡንቻ ብልጭ ብሎ ይኮማተራል። በጡንቻው ላይ የተለጠፈ ኤሌክትሮድ የዚህን መኮማተር መጠን ይመዘግባል።

አሁን አንድ ነገር እንጨምር። መግነጢሳዊው ምት ከመሰጠቱ ጥቂት ቀደም ብሎ በእጅ አንጓ ላይ፣ አውራ ጣትን የሚያገለግለው ነርቭ በሚያልፍበት ቦታ፣ ቀላል የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጣል። የንዝረቱ መልእክት ከአንጓ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ 20 ሚሊሰከንድ ያህል ይወስድበታል። መግነጢሳዊው ምት መልእክቱ በደረሰበት ቅጽበት ከተሰጠ በጤነኛ ሰው ላይ የጡንቻው ምላሽ በግልጽ ያንሳል፤ ከእጅ የመጣው ስሜት ለእንቅስቃሴ የተዘጋጀውን የአንጎል ክፍል ለአፍታ ይገታዋልና። በሮም የሚሠሩት ቪንቼንዞ ዲ ላዛሮና ባልደረቦቻቸው በ2000 ለጤነኛ ፈቃደኞች አሴቲልኮሊንን የሚያግድ ስኮፖላሚን የተባለ መድኃኒት ሲሰጡ ይህ የመግታት ኃይል ደከመ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ተገቢ ነው፤ የአውራ ጣት ጡንቻ እንቅስቃሴ በአንጎል ውስጥ ያለ የአንድ ኬሚካል አገልግሎት መለኪያ ሆነ ማለት ነውና። ቡድኑ በቀጣዮቹ ዓመታት ባካሄዳቸው ጥናቶች ኃይሉ በአልዛይመር ሕሙማን ላይ ተዳክሞ፣ በፍሮንቶቴምፖራል ሕሙማን ላይ ግን እንደ ጤነኛ ሰው ሆኖ አግኝቶታል።

ፍሮንቶቴምፖራል ዲሜንሺያ በበኩሉ በሌላ ፈተና ይያዛል። በዚህኛው ሁለቱም ምቶች መግነጢሳዊ ናቸው፤ ደካማው ይቀድማል፣ ብርቱው ይከተላል። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ከ1 እስከ 5 ሚሊሰከንድ ሲሆን የመጀመሪያው ሁለተኛውን ይገታል፤ ከ10 እስከ 15 ሚሊሰከንድ ሲሆን ደግሞ ያጎለብተዋል። መግታቱ ጋባ ከተባለው፣ ማጎልበቱ ግሉታሜት ከተባለው መልእክተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በጣልያን የብሬሺያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ አልቤርቶ ቤኑሲ፣ ባርባራ ቦሮኒና ባልደረቦቻቸው፣ በ2017 ባሳተሙት ጥናት ሁለቱን ፈተናዎች በአንድ ቀመር አዋሕደው አልዛይመርን ከፍሮንቶቴምፖራል ከ10 ሕሙማን 9 ያህሉ ላይ በትክክል ለመለየት ችለዋል።

ይሁንና የሌዊ ቦዲ ሕሙማንም አሴቲልኮሊን ስለሚያንሳቸው የእጅ አንጓው ፈተና እነርሱንና የአልዛይመር ሕሙማንን አንድ ላይ ይደባልቃል። የሃሎፐሪዶል አደጋ ያለው ደግሞ በትክክል በዚህ ድንበር ላይ ነው። እዚህ የሚያግዘን በዕድሜ እጅግ የሚቀድመው መሣሪያ፣ ኢኢጂ፣ ነው። ጀርመናዊው የአእምሮ ሐኪም ሃንስ በርገር በ1924 በየና ከተማ የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ ሞገድ ለመጀመሪያ ጊዜ መዘገበ፤ ውጤቱን ያሳተመው በ1929 ነበር። ጤነኛ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲያርፍ ከአንጎሉ የኋላ ክፍል በሰከንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ ሞገድ ይወጣል። በአልዛይመር ይህ ሞገድ ቀስ በቀስ ይዘገያል። በሌዊ ቦዲ ግን ገና በጠዋቱ ከ8 በታች ይወርዳል፤ ከዚህም በላይ ፍጥነቱ ከአፍታ ወደ አፍታ ይዋዥቃል። ሕመምተኛው አንድ ሰዓት ንቁ፣ በሌላው ሰዓት ፈዛዛ የሚሆንበትን የታወቀ ባሕርይ ያስታውሳል። በ2017 የወጣው ዓለም አቀፍ የሌዊ ቦዲ መመርመሪያ መስፈርት ይህንኑ የኋላ ሞገድ መዘግየትና መዋዠቅ ከደጋፊ ምልክቶች መካከል አስፍሮታል። በፍሮንቶቴምፖራል ሕሙማን ላይ ሞገዱ ብዙ ጊዜ ጤናማ መስሎ ይቆያል፤ በ1994 የወጣው የዚሁ በሽታ መስፈርት ሕመሙ ጎልቶ ሳለ ኢኢጂው ጤናማ መሆኑን ራሱን እንደ ምልክት ቆጥሮት ነበር።

ስለ ፒ300 የሚነሣውን ተስፋም በአጭሩ እንይ። በተመሳሳይ ድምፆች መካከል አንድ ልዩ ድምፅ ሲሰማ ከ300 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ የሚታየው ይህ ሞገድ በዲሜንሺያ እንደሚዘገይ ከ1978 ጀምሮ ይታወቃል። ነገር ግን ዕድሜ ብቻውን ያዘገየዋል፤ ሌሎች የአእምሮ ሕመሞችም ይለውጡታል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ፒ300 «ሕመም አለ ወይ» ለሚለው እንጂ «የትኛው» ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ደካማ ነው።

የተቀሩትም ልኬቶች ጥንቃቄ ይሻሉ። ለእንቅልፍ ወይም ለሕመም ማስታገሻ የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንና ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፈኒዲል አሴቲልኮሊንን ስለሚያግዱ፣ አልዛይመር የሌለበትን ሰው በእጅ አንጓው ፈተና እንዳለበት ሊያስመስሉት ይችላሉ። ዳያዜፓምም የኢኢጂን ሞገድ ይለውጣል። በአንድ ሰው አንጎል ውስጥ አልዛይመርና ሌዊ ቦዲ አብረው መገኘታቸውም ከሞት በኋላ በሚደረግ ምርመራ የተለመደ ግኝት ነው፤ እንዲህ ያለውን ሰው በአንድ ሳጥን ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ቀመር መሳሳቱ አይቀርም። የልብ ምት መቆጣጠሪያ ወይም በራስ ቅሉ ውስጥ ብረት ያለበት ሰው ደግሞ መግነጢሳዊውን ፈተና በአብዛኛው አይወስድም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ሁለቱ መሣሪያዎች እኩል ቅርብ አይደሉም። መግነጢሳዊው ማነቃቂያ ውድና ልዩ ሥልጠና የሚጠይቅ ነው። ኢኢጂ ግን ለሚጥል በሽታ ምርመራ ሲባል ሐኪሞቻችን የሚያውቁት መሣሪያ ነው፤ ለሌዊ ቦዲ ፍለጋም ሌላ ማሽን አያስፈልግም። ሕመምተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ሳይተኙ፣ ለ20 ደቂቃ ያህል እንዲያርፉ ማድረግና የኋላውን ሞገድ በየጥቂት ሰከንዱ ከፋፍሎ መለካት በቂ ነው። ማንበብም መጻፍም አይጠየቁም። የሚቀድመው ሥራ የማነጻጸሪያ ልክ ማዘጋጀት ነው፤ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ ጤነኛ ሰዎችን፣ የተማሩትንም ያልተማሩትንም፣ በተመሳሳይ የቀን ሰዓት መመዝገብ፣ ከእያንዳንዱ መዝገብ ጋርም ሰውየው ወይም ሴትየዋ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር ማያያዝ።