ተክለ ሃይማኖትና ሴኡል በአንድ ሰዓት

ተክለ ሃይማኖት አደባባይ አካባቢ ሱቅ የሚጠብቅ ወጣት ሴኡል ያለችውን የቋንቋ ጓደኛውን «ስንት ሰዓት ሆነ?» ቢላት፣ የምትነግረው ቁጥር እሱ ከሚያውቀው ጋር አንድ ነው። ኮሪያ ከእኛ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛና የፈረንጅ አቆጣጠርም የሚለያዩት በ6 ሰዓት ነው። ስለዚህ ተክለ ሃይማኖት ከቀኑ 7 ሲል ሴኡል ከምሽቱ 7 ይላል። ለተክለ ሃይማኖቱ ልጅ የምትመቸውም ይህችው ሰዓት ናት፤ እዚህ የምሳ ሰዓት ነው፣ እዚያ ሰው ከሥራ ወጥቷል። ሱቁን ቆልፎ ከምሽቱ 1 ሰዓት የሚደውል ግን እዚያ ከሌሊቱ 1 ሰዓት ላይ ሰው ይቀሰቅሳል።

የቋንቋ ልውውጥ የሚባለው ነገር ውስብስብ አይደለም። አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚፈልጉ ሁለት ሰዎች ይገናኛሉ፤ ግማሹን ጊዜ በአማርኛ፣ ግማሹን በኮሪያኛ ያወራሉ። ክፍያ የለውም። ዛሬ እንደ ታንደምና ሄሎቶክ ያሉ የስልክ መተግበሪያዎች ሰው ከሰው ያገናኛሉ። ችግሩ ብዙዎች ትንሽ ሲቸግራቸው ወደ እንግሊዝኛ መሸሻቸው ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ኪሳራው እዚህ ላይ ነው፤ ወደ ኮሪያኛ ለመግባት አማርኛ ከእንግሊዝኛ የቀረበ በር ነው።

ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም። ሆኖም ሁለቱም ግሥን መጨረሻ ላይ ያሳርፋሉ፤ «እኔ ሩዝ በላሁ» የሚል ሰው የኮሪያኛውን የቃላት ተራ ሳያውቀው ይዞታል። ኮሪያኛ ላላ ያለ፣ ጠበቅ ያለና በትንፋሽ የሚገፋ «ክ» አለው፤ «ገ»ን፣ «ቀ»ን እና «ከ»ን ለይቶ ያደገ ጆሮ፣ ድምፆቹ ልክ አንድ ባይሆኑም፣ አይደናገጥም። ንጉሥ ሴጆንግ በ1446 እ.ኤ.አ. ያወጀው ሀንገል ዛሬ 24 ፊደላት አሉት፤ ነገር ግን ተነባቢውና አናባቢው ተነጣጥለው አይሰለፉም፣ አንድ ላይ ተገጥመው አንድ ክፍለ ቃል ይሆናሉ። ሀሁ ብሎ 33ቱን በ7 የቆጠረ ሰው አይከብደውም።

ከዚያ ዕድሜ ይመጣል። ኮሪያዊት ገና በትውውቁ ዕድሜ ብትጠይቅ ድፍረት አይደለም፤ ሳታውቅ በምን ዓይነት አነጋገር እንደምታናግር ይቸግራታል። እኛም እርስዎና አንቱ አለን፤ የእኛ አክብሮት ግን የሚታየው ሰውየው በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ካለ ነው። «ዝናብ እየዘነበ ነው» ስንል ለሕፃንም ለሽማግሌም ያው ነው። ኮሪያኛ ግን ዝናቡንም ያስተካክላል፦ ለእኩያ «ፒጋ ዋ»፣ ለማያውቁት ሰው «ፒጋ ዋዮ»፣ በመደበኛው አነጋገር «ፒጋ ኦምኒዳ»። ለትልቅ ሰው የሚሆን «እርስዎ» ደግሞ የላቸውም፤ በማዕረግ ወይም በዝምድና ስም ይጠራል። «ጋሼ»ና «እትዬ» ሲል ላደገ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ልዩነቱ ጠሪውም መቆጠሩ ነው፤ በዕድሜ የሚበልጠውን ወንድ፣ ወንድ «ሂዮንግ» ይለዋል፣ ሴት «ኦፓ» ትለዋለች። ከድራማ ብቻ ተምሮ ወንዱን «ኦፓ» የሚል ወንድ ጓደኛውን ማሳቁ አይቀርም።

የዕድሜ አቆጣጠሩ ራሱ ረጅም ወግ ነው። በነባሩ ልማድ ሕፃን ሲወለድ 1 ዓመቱ ነው፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ሁሉም ላይ 1 ይጨመራል፤ በዓመቱ መጨረሻ ቀን የተወለደ በማግስቱ 2 ይሞላዋል። መንግሥት በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ይፋዊው ዕድሜ በልደት ቀን እንዲቆጠር አድርጓል። በዘመን አቆጣጠርም ብቻችንን አይደለንም። በኮሪያ ጦርነት የዘመተው የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃ በ1951 እ.ኤ.አ. ኮሪያ ሲደርስ፣ እኛ 1943 ስንል የኮሪያ መንግሥት ሰነዶች ዓመቱን 4284 ይሉት ነበር።

ቃኘው ከተነሣ ጨዋታው ይረዝማል። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተራ በተራ ዘምተዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት ወድቀዋል። ቹንቾን ከተማ የቆመውን መታሰቢያቸውን ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1968 እ.ኤ.አ. ተገኝተው መርቀውታል፤ በአቅራቢያውም በዚያው ዓመት የተከፈተ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ካፌ አለ። ከተማዋ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የአዲስ አበባ እህት ናት። ለመጀመሪያ ቀን ወሬ ያጣ ሰው ከቹንቾን ይጀምር።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ፦ የቋንቋ ጓደኛ መምህር አይደለም። «እንዲህ አይባልም» ይላል እንጂ ለምን እንደማይባል አያስረዳም። የሴኡሏ ጓደኛም «መጣች» እና «መጥታለች» በምን ይለያያሉ ብትል የተክለ ሃይማኖቱ ልጅ ዝም ነው የሚለው። ለሰዋስው መጽሐፍ ይፈለግ፤ የጓደኛ ሰዓት ለወሬ ይቀመጥ።