ከማሻሻያ በኋላ የስክሪን ቀለም ሲዛባ

ኮምፒዩተር በገባባቸው ቤቶች ልጆች ትምህርታቸውን፣ ወላጆችም ሥራቸውን እስከ ሌሊት ድረስ በስክሪን ፊት ሲከታተሉ ይታያሉ። ስለዚህም አያሌ ሰዎች ሲመሽ የስክሪኑን ብርሃን ከሰማያዊነት ወደ ቢጫነት የሚያለዝብ ፕሮግራም ይጠቀማሉ። ይህ ፕሮግራም ለወራት ያለ እንከን ሲሠራ ቆይቶ፣ ኮምፒዩተሩ አፕዴት በሚባለው ማሻሻያ በታደሰ ማግስት ድንገት ሥራውን ያቆማል፤ ወይም ስክሪኑ በቀትር እንኳ እንደ እርድ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱም ዕቃው የተበላሸ መስሎት ወደ ጠጋኝ ይሮጣል፤ ደኅነኛውን ስክሪን አስለውጦ ለልጆቹ መጽሐፍ መግዣ የሚሆነውን ገንዘብ ይከፍላል። እንዲህ ያለው ወጪ በከንቱ እንዳይደርስ፣ ነገሩን ከሥሩ አንሥተን ለአንባብያን ልናስረዳ ወደድን። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የቀለም ሙቀት ማለት ምንድር ነው?

አንጥረኛ ብረት በእሳት ሲያግል ብረቱ በመጀመሪያ ይቀላል፤ ግለቱ ሲጨምር ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያም ወደ ነጭነት ይሄዳል። የሳይንስ ሊቃውንትም ይህን አይተው የብርሃንን ቀለም በጋለ አካል ሙቀት ይለኩታል። መለኪያው ኬልቪን ይባላል፤ ስሙም ከ1824 እስከ 1907 ከኖሩት ከዊልያም ቶምሰን፣ በማዕረግ ስማቸው ሎርድ ኬልቪን ከተባሉት ሊቅ የተወሰደ ነው። የሻማ ብርሃን 1,900 ኬልቪን ያህል፣ የቀድሞው ባለ ክር አምፑል 2,700 ያህል ነው፤ የኮምፒዩተር ስክሪን ግን የቀን ብርሃንን እንዲመስል አብዛኛውን ጊዜ በ6,500 ኬልቪን ይስተካከላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በተለምዶ ቀላ ያለውን ብርሃን «ሞቃት» እንለዋለን፤ በልኩ ግን ቁጥሩ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ስክሪኑን ለማለዘብ የሚሻ ሰው ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል እንጂ ከፍ ማድረግ አይገባውም።

ሰማያዊውን ብርሃን በሌሊት መቀነስ ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ዴቪድ በርሰን የተባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2002 እንዳስረዱት፣ በዓይናችን ውስጥ መንጋቱንና መምሸቱን ለሰውነት የሚያስታውቁ፣ ራሳቸው ብርሃንን የሚቀበሉ ልዩ ሕዋሳት አሉ። እነዚህም ከሁሉ ይልቅ የሚነቁት በሰማያዊ ብርሃን ነው። በ2015 የታተመ አንድ ጥናትም ከመኝታ በፊት በሚያበራ ስክሪን ያነበቡ ሰዎች በወረቀት ካነበቡት ይልቅ 10 ደቂቃ ያህል ዘግይተው እንቅልፍ እንደ ወሰዳቸው አሳይቷል። ይሁን እንጂ ቀለሙን መለወጥ ብቻውን መድኃኒት አይደለም። የስክሪኑን ድምቀት መቀነስና በጊዜ ዘግቶ መተኛት ይበልጣልና፣ «ቢጫ ስላደረግሁት አይጎዳኝም» ብሎ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚቀመጥ ልጅ ራሱን ያታልላል።

ፕሮግራሙ እንዴት ይሠራል?

የስክሪኑ እያንዳንዱ ነጥብ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብርሃን የተሠራ ነው። እነዚህ ሦስቱ በምን ያህል ኃይል እንዲበሩ የሚወስን ሠንጠረዥ በኮምፒዩተሩ የግራፊክስ ክፍል ውስጥ ይገኛል። ፕሮግራሙ ይህን ሠንጠረዥ ይለውጣል፤ ሰማያዊውን እጅግ፣ አረንጓዴውን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ቀዩን ግን ይተወዋል። እንግዲህ ሌላ እጅ ሠንጠረዡን እንደ ገና ቢጽፈው፣ ወይም ፕሮግራሙ እንዳይነካው ቢከለከል፣ የማለዘቡ ሥራ ሁሉ ይፈርሳል።

ለዚህ ሥራ በሰፊው ከታወቁት አንዱ፣ ማይክልና ሎርና ኸርፍ በ2009 ያወጡት ፍላክስ ነው። ኋላም አፕል በ2016 ናይት ሺፍት የሚባለውን በስልኮቹ ውስጥ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ በ2017 ናይት ላይት የሚባለውን በዊንዶውስ 10 ውስጥ አስገቡ።

ማሻሻያው የሚያስተጓጉለው ስለ ምንድር ነው?

አንደኛው ምክንያት የድራይቨር መለወጥ ነው። ድራይቨር ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተሙንና የግራፊክሱን ክፍል የሚያገናኝ አስተርጓሚ ነው። ማሻሻያው ትክክለኛውን ድራይቨር አንሥቶ ቤዚክ ዲስፕሌይ የሚባለውን ተራ ድራይቨር ቢተካ፣ በዊንዶውስ ናይት ላይት አይሠራም። በዲቫይስ ማኔጀር ገብቶ ዲስፕሌይ አዳፕተርስ ከሚለው ሥር የተጻፈውን ስም መመልከት ነው። ተራው ድራይቨር ከተገኘ ከኮምፒዩተሩ ሠሪ ትክክለኛውን ማስገባት፣ ችግሩ በአዲስ ድራይቨር የመጣ እንደ ሆነም ወደ ቀድሞው መመለስ ይገባል።

ሁለተኛው ምክንያት የሥርዓቱ መለወጥ ነው። በሊኑክስ ሬድሺፍት የሚባለው ፕሮግራም የሚሠራው ኤክስ በተባለው የስክሪን ሥርዓት ነው። ተተኪው ዌይላንድ ግን ማንኛውም ፕሮግራም እንደ ልቡ ሠንጠረዡን እንዲነካ አይፈቅድም። ኡቡንቱ በጥቅምት 2017 ዌይላንድን መደበኛው አደረገ፤ በሚያዝያ 2018 ወደ ኤክስ ተመለሰ፤ በሚያዝያ 2021 ደግሞ ለአብዛኞቹ ኮምፒዩተሮች ዌይላንድን እንደ ገና አመጣ። ስለዚህ ሬድሺፍት ተነሥቶ ሳለ ስክሪኑ ሳይለወጥ ቢቀር ጥፋቱ የፕሮግራሙ አይደለም። መፍትሔው ሬድሺፍትን አጥፍቶ፣ በሲስተሙ ሴቲንግስ፣ ዲስፕሌይስ ከሚለው ሥር የሚገኘውን ናይት ላይት መክፈት ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ስፍራን አለማወቅ ነው። ፕሮግራሙ ፀሐይ የምትጠልቅበትን ሰዓት የሚያሰላው ያለንበትን ስፍራ አውቆ ነው። በሊኑክስ ብዙ ኮምፒዩተሮች ስፍራቸውን ይጠይቁበት የነበረው የሞዚላ አገልግሎት በ2024 ተዘግቷል፤ በዊንዶውስም የሎኬሽን ፈቃድ ጠፍቶ ሊገኝ ይችላል። መድኃኒቱ ስፍራውን በእጅ መጻፍ ነው፤ ለአዲስ አበባ ኬክሮስ 9.0፣ ኬንትሮስ 38.7 ብሎ መጻፍ ይበቃል። ወይም ሰዓቱን ራስ መወሰን ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስለሚቆጥር፣ የእኛ ማታ 1 ሰዓት በእርሱ ዘንድ 19፣ ንጋት 12 ሰዓትም 6 መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህን ያልተገነዘበ ሰው ስክሪኑን በቀን አቢጭቶ በሌሊት ያነጣዋል።

አራተኛው ምክንያት የሁለት ፕሮግራሞች መጋጨት ነው። ማሻሻያው የሲስተሙን ናይት ላይት ቢከፍትና ባለቤቱ አስቀድሞ ፍላክስን ያስገባ ቢሆን፣ ሁለቱ ባንድ ሠንጠረዥ ላይ ይሻማሉ፤ ስክሪኑም ይብለጨለጫል ወይም ከልክ በላይ ይቀላል። አንዱን ብቻ ማስቀረት ነው።

በምን ቅደም ተከተል እንመርምር?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሁሉን ባንድ ጊዜ መነካካት ነገሩን ያወሳስባል። በመጀመሪያ በስክሪኑ አካል ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ የራሱን የማስተካከያ ሰሌዳ ማውጣት ነው። ይህን ሰሌዳ የሚሥለው ስክሪኑ ራሱ ስለ ሆነ፣ የኮምፒዩተሩ ፕሮግራም ቀለሙን ሊለውጠው አይችልም። ሰሌዳው ቢጫ ከሆነ ነገሩ በስክሪኑ ነው፤ ስክሪኑ ራሱ ሰማያዊን የሚቀንስበት ምርጫ ተከፍቶ እንደ ሆነ ይታይ። ቁልፍ የሌለው ላፕቶፕ ከሆነ አጥፍቶ ሲያስነሡት አስቀድሞ የሚታየውን የሠሪውን ምልክት መመልከት ነው፤ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ገና ሳይነሣ ቀለሙ የተዛባ ከሆነ ፕሮግራሙ አይወቀስም። ሰሌዳው ደኅና ሆኖ ምልክቱ ቢጫ ከሆነ ደግሞ ገመዱን ነቅሎ መልሶ መሰካት፣ በሌላ ገመድም መፈተን ይገባል፤ በቀድሞው ቪጂኤ ገመድ የሰማያዊው መስመር ቢቋረጥ ስክሪኑ ይቢጫልና።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ከተገኘ፣ የቀለም ፕሮግራሞችን ሁሉ አጥፍቶ ኮምፒዩተሩን እንደ ገና ማስነሣት ነው። ቀለሙ ከተመለሰ አንዱን ብቻ ከፍቶ ማየት፣ ካልሠራም ድራይቨሩን፣ ቀጥሎ ሥርዓቱን፣ ከዚያም ስፍራውንና ሰዓቱን መመርመር ይገባል። በየእርምጃው አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ አለዚያ መፍትሔው የትኛው እንደ ነበረ አይታወቅም።

በመጨረሻም ሁለት ነገር እንመክራለን። ችግር ሲደርስ «ይህን አስገባና ይስተካከላል» እያሉ ከማይታወቅ ስፍራ የሚቀርቡትን ፕሮግራሞች አትመኑ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነውና፣ ድራይቨር ከሠሪው፣ ፕሮግራምም ከባለቤቱ ብቻ ይወሰድ። ደግሞም በቤታችሁ አንድ ደብተር አኑራችሁ ማሻሻያ የተደረገበትን ቀን፣ ከዚያ በፊት የነበረውንም የቀለም ቁጥርና ሰዓት ጻፉበት። ይህን ሥራ ከልጆቹ ለአንዱ ብትሰጡት፣ ስክሪኑ ከመዳኑ በላይ ልጁ ነገርን ከመንሥኤው መፈለግን ይለምዳል።